የፈረንሳይኛዋ ኮፍያ

«ለአንዲት ኮፍያ ነው ይሄ ሁሉ ንዝንዝ?» አለኝ አስተባባሪያችን። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አልፏል። እሱም ሥራ ቀይሮ ሄዷል። እኔ ግን አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ክፍሌ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሱ ተማሪዎች ያሉበት ነው። ለካናዳ የቋንቋ ፈተና የሚዘጋጁ አሉ። አፍሪካ ኅብረት አካባቢ ሥራ የሚፈልጉ አሉ። ስለ ሽመንደፈር (የጂቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር) ታሪክ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ድሬዳዋ ያደጉ አንድ ጡረተኛም አሉ፤ ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው።

ነገሩ የተነሳው ከልጅቷ ነው። አንድ ማታ የድሮ ደብዳቤ ኮፒ ይዛ መጣች። «ማዳም፣ እዚህ ጋ ያለው ግሥ የጽሕፈት ስህተት ነው?» አለችኝ። አየሁት። ስህተት አልነበረም። የደብዳቤው ጸሐፊ አንድ ድልድይ እንዲጠገን ጠይቆ ነበር። እሷ ግን ረቂቋ ላይ «ድልድዩ ተጠገነ» ብላ ጽፋለች። ያልተጠገነ ድልድይ ተጠግኖ ታሪክ ውስጥ ሊገባ ነበር። ልዩነቱ ያለው «ፊዩ» በሚለው ግሥ አናባቢ ላይ በተደፋችው ኮፍያ፣ ማለትም ሲርኮንፍሌክስ በምትባለው ምልክት (^) ላይ ነው። ያለ ኮፍያ ከሆነ የተፈጸመ ነገር ነው፣ ፓሴ ሳምፕል። ኮፍያ ካለው እንዲፈጸም የተፈለገ ነገር ነው፣ ሱብጆንክቲፍ ኢምፓርፌ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይህን ላስተምር ወሰንኩ።

ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ይህ የግሥ ዓይነት ጊዜው ያለፈበት ነው የሚል ስም እንዳለው ያውቃል። «ኑ ሻንታሲዮን»፣ «ቩ ሻንታሲዬ» የሚል ሰው ዛሬ ፓሪስ ካፌ ውስጥ አይገኝም። ፓሴ ሳምፕል ከሰው አፍ ሲወጣ ከእሱ የሚወለደው ሱብጆንክቲፍ ኢምፓርፌም አብሮት ወጣ። መንግሥታቸውም ገና እ.ኤ.አ. በ1901 ነው ማላላት የጀመረው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የትምህርት ሚኒስትሩ ዦርዥ ሌግ ባወጣው ውሳኔ መሠረት፣ «ኢል ፎድሬ ኪል ቫን» (መምጣት ይኖርበት ነበር) በማለት ፈንታ በአሁን ጊዜ ሱብጆንክቲፍ «ኢል ፎድሬ ኪል ቪየን» ብሎ የጻፈ ተፈታኝ ስህተት እንዳይቆጠርበት ተደረገ። በ1976 ደግሞ ፈቃዱ ሰፋ። ዋናው ግሥ ያለፈ ጊዜ ቢሆንም እንኳ ጥገኛውን በአሁን ጊዜ ሱብጆንክቲፍ መጻፍ ተቻለ።

ስለዚህ ስድስቱንም መደብ ለማንም አስሸምድጄ አላውቅም። የማስተምረው ሦስተኛ መደብ ነጠላውን ነው። መጽሐፍ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነውና። እንዲናገሩትም አልጠይቅም። ሲያዩት እንዲያውቁት ነው የምፈልገው። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። በግራ ፓሴ ሳምፕል፣ በቀኝ ሱብጆንክቲፍ። ኢል ፊዩ፣ ኪል ፊዩ። ኢል ቫን፣ ኪል ቫን። ኢል ፊኒ፣ ኪል ፊኒ። ጮክ ብሎ ላነበበው ግሡ በሁለቱም በኩል ያው ነው። ጆሮ ምንም አይረዳም። በቀኝ በኩል ኮፍያዋ ብቻ ትጨመራለች። እንደ «ሻንቴ» ያሉት በኤር የሚጨርሱት ግሦች ላይ ደግሞ ከኮፍያዋ ጋር መጨረሻ ላይ አንድ ቴ ትገባለች፤ እሷም አትነበብም። ጋሼ ሳቅ አሉና «እኛ ይቺን የረሳን ዕለት ዲክቴ ላይ አለቀልን ማለት ነበር» አሉ።

አስተባባሪያችን ከኋላ ተቀምጦ ያይ ነበር። ለክትትል ነው የገባው። ሲያልቅ ቢሮው ጠራኝ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የሞተ ነገር ነው። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው አይናገሩትም።»

«አይናገሩትም። ያነቡታል ግን።»

«ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ታዲያ? የኛ ልጆች ሥራ ነው የሚፈልጉት። የሚበቃቸውን ስጫቸውና ይሂዱ።»

የፈተናው ነገር እውነት ነው። ለካናዳ የሚዘጋጀው ልጅ ይህን ባያውቅ ነጥብ አይቀነስበትም። የመረረኝ «የሚበቃቸው» የሚለው ነው። ማን ለክቶ? እሱ ፈረንሳይ አገር ተምሯል። ከጀርባው ያለው መደርደሪያ በዚያው በሞተ ባለው ፈረንሳይኛ በተጻፉ መጻሕፍት የተሞላ ነው። ሁሉንም አንብቧቸዋል፤ ማንበቡንም ደጋግሞ ይነግረናል። እሱ የበቃው እዚያ ድረስ ደርሶ ነው። ለማታ ተማሪ ሲሆን ነው ልኩ የሚያጥረው።

ደግሞ ስለ እኛ የተጻፈው ምን ያህል ነው! ፈረንሳዊው ተጓዥ አርኖ ዳባዲ አገራችን ተቀምጦ ያየውን በ1868 ፓሪስ ሲያሳትም በዚያ ፈረንሳይኛ ነው የጻፈው። ምኒልክ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በ1894 የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ስንት ደብዳቤ ተጻጽፏል። ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የ1908ቱ የክሎቡኮቭስኪ ውል አለ። እነዚህን ማንበብ የማይችል ሰው ሌላ ሰው እስኪተረጉምለት ይጠብቃል። የተረጎመለትንም ማመን ነው ዕጣው። ተማሪዎቼ እንዲህ እንዲሆኑ አልፈልግም። ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ከሥራ በኋላ ደክሟቸው፣ በታክሲ ሰልፍ ቆመው የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ በዚያ ሰዓት አልነገርኩትም። «እሺ፣ መልመጃውን ብቻ ሰጥቼ እዘጋዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

መልመጃውን እንዲባዛ ለቢሮ ሰጠሁ። ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ አንዳንዱ ግሥ ኮፍያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም፣ ተማሪው ምክንያቱን ያስረዳል። ክፍል ልገባ ስል ወረቀቱን ተቀበልኩና አየሁት። ኮፍያዎቹ የሉም። አንዲት እንኳን አልቀረችም። ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። «እሱ ነው አውጫቸው ያለኝ፣ አዲሱ አጻጻፍ ነው ብሎ» አለችኝ። ምስኪን፣ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ስትለቅም አምሽታለች።

አዲሱ አጻጻፍ የሚባለው የ1990ው ማሻሻያ ነው። በእርግጥ ኢ እና ዩ በሚባሉት ፊደላት ላይ ኮፍያን መተው ይፈቅዳል። ነገር ግን ሰነዱ ራሱ የማይነኩትን ለይቶ አስቀምጧል። የፓሴ ሳምፕልና የሱብጆንክቲፍ ኢምፓርፌ መድረሻዎች ከማይነኩት ውስጥ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እዚያ ላይ ኮፍያዋ ከወጣች አንዱ ግሥ ሌላ ይሆናል። አ ላይ ያለችው ኮፍያ ደግሞ ማሻሻያው ጨርሶ አይመለከታትም። የእኔ ወረቀት ላይ ግን «ሻንታ» ኮፍያዋን ተገፎ፣ ቴዋን ብቻ ይዞ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ቃል በፈረንሳይኛ የለም።

ሰነዱን ስልኬ ላይ ከፍቼ ወደ አስተባባሪው ሄድኩ። ዲሴምበር 1990 በፈረንሳይ መንግሥት ጋዜጣ የወጣው ነው። ቦታውን አሳየሁት። አነበበው። ከዚያ ስልኬን መለሰልኝና «ለአንዲት ኮፍያ ነው ይሄ ሁሉ ንዝንዝ?» አለኝ።

«አዎ፣ ለእሷ ነው» አልኩት።

ሌላ ምን ልበል? ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነበር። አለመስማማቱ አልነበረም የከፋኝ። አንብቦ፣ እንደተሳሳተ አይቶ፣ ነገሩን ትንሽ ማድረጉ ነው። ሰው ሲረታ «ለዚህ ነው እንዴ» ካለ፣ ክርክሩ እሱ ዘንድ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

እንደገና ለማባዛት ሰዓት አልነበረኝም። ወረቀቱን እንዳለ አደልኩ። «ኮፍያ የሚገባቸውን ራሳችሁ ፈልጋችሁ በእስክሪብቶ አድርጉ» አልኳቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ጦፈ። «ቢያን ክ» (ምንም እንኳን) ያለበትን ወዲያው አገኙት። «አቫን ክ»ንም (ከመሆኑ በፊት) እንዲሁ። ከዚያ «አፕሬ ኪል ፊዩ ፓርቲ» የሚለው ላይ ደረሱ፤ ከሄደ በኋላ ማለት ነው። ሁሉም ኮፍያ ደፋበት። የታሪኳ ልጅ «አቫን ክ ላይ ካለ አፕሬ ክ ላይ ለምን አይኖርም?» ብላ ተከራከረች። ጋሼ ብቻ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «አይገባውም» አሉ። «ከመሄዱ በፊት ካልሽ መሄዱ ገና አልሆነም። ከሄደ በኋላ ካልሽ ግን ሄዷል፣ አለቀ። የሆነን ነገር ምን ብለሽ ትመኚዋለሽ?»

ትክክል ናቸው። ይህን ፈረንሳዮች ራሳቸው ይሳሳቱታል። ከ«አፕሬ ክ» በኋላ ሱብጆንክቲፍ እየጨመሩ የሚናገሩና የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ልጅቷ ወረቀቷን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ኮፍያዋን ሰረዘችና ከቦርሳዋ የደብዳቤዎቿን ኮፒ አወጣች። ሌላ ቦታ ላይም ተሳስታ እንደሆነ ልታይ። ጋሼ ወንበራቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። የዚያን ማታ ዘበኛው በር ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስ አልወጣንም።

ወረቀቱን አሁንም ያለ ኮፍያ ነው የማባዛው። ከሠራኋቸው መልመጃዎች ሁሉ እንደሱ የሚያከራክር የለም። አስተባባሪውን ግን ለዚህ አላመሰግነውም። ያወጣቸው ተማሪ እንዲፈልጋቸው ብሎ አይደለም፣ ማንም እንዳያያቸው ብሎ ነው። ከታች በኩል የ1990ውን ሰነድ ክፍል እንዳለ አትሜበታለሁ፤ አዲስ አስተባባሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየውም እሱን ነው።