አራት ሲዲ በአንድ የጫማ ካርቶን

ውጭ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ክረምት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ የማሕሙድ አሕመድን አራት ሲዲዎች ይዞልኝ መጣ። አራቱም «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ኅትመት ውስጥ የወጡ ሲሆኑ ቁጥራቸው 6፣ 7፣ 19 እና 26 ነው። የአንጋፋውን ድምፃዊ የዕድሜ ልክ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘ አንድ ወጥ ስብስብ በእጄ ስለሌለ፣ አራቱን በጫማ ካርቶን ውስጥ ደርድሬ ሣጥኑን ራሴ አዘጋጀሁት። ማሕሙድ በልጅነቱ ሊስትሮ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ካርቶኑ ሆን ተብሎ የተመረጠ ሊመስለው ይችላል፤ እውነቱ ግን ቤት ውስጥ የተገኘው እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

ሲዲዎቹን ያሳተመው የፈረንሳይ ድርጅት «ቡዳ ሙዚክ» ይባላል። ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብ እናቴ ከምድጃው ዘወር ብላ «እንዲህ ያለ ስም ለጥፎ የሚነግድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ፤ ለጥቂት ቀናትም ካርቶኑ ወደ ጓዳ እንዳይገባ ከለከለች።

ዲስኮቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ማዳመጥ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ሁለተኛው ላይ ስደርስ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን የታተሙበትን ተራ እንጂ የተዘፈኑበትን ዘመን አይደለም። ማሕሙድ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 የሠራቸውን የያዘው 26ኛው መቅደም አለበት፤ ከዚያ የ1973ቱ «አልማዝ» (ቁጥር 6)፣ ቀጥሎ የ1974ቱ «ዓለምዬ» (ቁጥር 19)፣ በመጨረሻም በ1975ቱ ሥራ የተሰየመው «ኧረ መላ መላ» (ቁጥር 7) ይመጣሉ። በዚህ ተራ ሲደመጡ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ላይ ድምፃዊው ከጀርባው የተሰለፉትን የነሐስ መሣሪያዎች ሥርዓት አክብሮ፣ ተራው ሲደርስ ገብቶ ተራው ሲያልቅ ይወጣል፤ በመጨረሻው ላይ ግን ሙዚቃው እሱን እየጠበቀ የሚሄድ እስኪመስል ድረስ ድምፁን እንደ ልቡ ያስረዝማል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይሰባብራል።

ከአራቱ አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብገደድ ያለ ማመንታት 7ኛውን እመርጣለሁ። በ«ኧረ መላ መላ» ውስጥ የአይቤክስ ባንድ ልጆች፣ በተለይም የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታርና የሰላም ሥዩም ጊታር፣ አንድን ሐሳብ ደጋግመው እያዞሩ አድማጩን ሲይዙት፣ ማሕሙድ ከላይ ሆኖ የመላ ያጣ ሰው ድምፅ ያሰማል። በእኛ አገር ይህ አነጋገር ከዘፈን ውጭም ይኖራል፤ ከብት ሲጠፋ፣ በሽተኛ ሲከብድ፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ቆሞ የሚባል ነው። የቤልጅጉ ክራመድ ዲስክስ ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ለአውሮፓ አድማጭ ሲያቀርብ፣ ቃሉን ከማያውቅ ሰው ጆሮ የገባው ምኑ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። መልሱ ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይመስለኛል። «ዓለምዬ» በበኩሉ መልካም ነው፤ ከ«አልማዝ» በኋላ ሲሰማ ግን ብዙ አዲስ ነገር አይጨምርም።

ቅሬታዬ በዲስኮቹ ላይ ሳይሆን አራቱ ተደምረው በሚሰጡት ሥዕል ላይ ነው። ማሕሙድ ወደ ክብር ዘበኛ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ሲሆን የስንብት ኮንሰርቱን በሚሌኒየም አዳራሽ ያቀረበው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ይህ የስድሳ ዓመት ያህል ጉዞ ነው። የእኔ ካርቶን ከዚህ ሁሉ የያዘው በአመዛኙ አራት ዓመት ብቻ ነው። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም፤ የተከታታዩ አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያተኮረው በሸክላ ዘመን ላይ ነው፤ የሸክላው ዘመን ደግሞ በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት አክትሟል። ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦቹን አፈዘዘ፣ ሸክላውን ካሴት ተካው፣ የአይቤክስ ልጆችም ሮሃ ባንድን አቋቋሙ። ማሕሙድ ግን መዝፈኑን አልተወም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድና ከጌታቸው ካሳ ጋር አሜሪካ ተሻግሮ ዘፍኗል፣ ከዚያም በኋላ ዓመታትን በካሴት ተሻግሯል። ለውጭው ሰብሳቢ ወርቃማው ዘመን በተዘጋበት ቦታ ላይ ለእኛ ለጎጃም አድማጮች ማሕሙድ ገና መጀመሩ ነበር፤ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ሲሆን ካሴት ግን ባትሪ ድንጋይ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ይገኝ ነበር።

እኔ ማሕሙድን የሰማሁት በአውቶቡስ ውስጥ ነው። ከአባቴ ጋር ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ሹፌሩ ሁልጊዜ ያንኑ ካሴት ይከት ነበር። ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ የካሴቱ ክር ይለጠጥ ነበር መሰለኝ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ የማሕሙድ ድምፅ ይጎተትና ይወፍር ነበር፤ ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ደግሞ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ያ መጎተት የዘፈኑ አካል ይመስለኝ ስለነበር፣ በሲዲው ላይ ጥርት ያለውን ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን አንድ ነገር የጎደለ ያህል ነበር። ይህ የሲዲው ጥፋት አይደለም፤ ግን ለፍርዴ ትክክለኛነት አንባቢ ሊያውቀው ይገባል።

ከዲስኮቹ ጋር ያለው መጽሔት ሊመሰገን ይገባል፤ ዘመኑን፣ ባንዱን፣ የሸክላዎቹን አሳታሚዎች ከነታሪካቸው ያነሣል። የአባቴ ካሴቶች ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶና የዘፈኖቹ ዝርዝር ብቻ ነው ያለው፤ ግጥሙን ማን እንደጻፈ፣ ዜማውን ማን እንደደረሰ፣ በየትኛው ዓመት እንደተቀዳ የሚናገር አንዳች መስመር የለም። ይሁን እንጂ የመጽሔቱ ማብራሪያ የተጻፈው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ዘፈኑን በቃሏ የምታውቀው እናቴ ስለ ዘፈኑ የተጻፈውን ለማወቅ እኔ እስክተረጉምላት ትጠብቃለች፤ የሙሉ ዕድሜ ሥራን የሚሰበስብ ሰው ቢመጣ ከዘፈኑ ምርጫ እኩል ይህን እንዲያስብበት እፈልጋለሁ።

ከአባቴ ሳንዱቅ ያገኘኋቸውን ሰባት ካሴቶች ከሲዲዎቹ ጎን በካርቶኑ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። የሁለቱ ክር ተበጥሷል፣ አንዱን በቢክ እስክሪብቶ ሳጠነጥን የተቀደደ መሆኑን አየሁ፤ አራቱ ግን ደኅና ናቸው። ወንድሜ ሰሞኑን ደውሎ በሚቀጥለው ምን እንዲያመጣልኝ ሲጠይቀኝ፣ ከተከታታዩ ሌላ ቁጥር እንዳይገዛ ነገርኩት። የፈለግሁት ክር የማይበላ አንድ ደኅና ቴፕ ነው።