የጓዳችን ግድግዳ ሁለት ፊት

ከኩሽናው ጀርባ ያለችውን ጓዳ ለሁለት ልከፍላት ነው። በአንዱ ወገን ምጣዱ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑና የውሃ በርሜሉ ይሆናሉ። በሌላው ወገን ጤፉ፣ ሽሮው፣ በርበሬውና የዓመቱ ቅመም። እስካሁን ሁሉም አንድ ላይ ነው ያለው። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር እንፋሎቱ ከቅመሙ ጋር ይውላል። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ ልብስ እዚያው ይሰጣል። በርበሬ እርጥበት ሲያገኘው መጀመሪያ ይጓጉላል፣ ቀጥሎ ይሻግታል። የሻገተ በርበሬ ፀሐይ ቢሰጡትም አይድንም፣ መጣል ነው። ያን ሁሉ ድካም መጣል ያናድዳል።

ስለዚህ ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ ግድግዳ ሆኗል።

እማዬ ብሎኬት ይሁን ባይ ናት። "ሌላውማ ሲያንኳኩት ባዶ ነው፣ ምኑን ግድግዳ ሆነው!" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ብሎኬት እሳትም እርጥበትም ይችላል። ግን ጓዳዋ ጠባብ ናት። ባለ 10 ሳንቲሜትሩ ብሎኬት በሁለቱም ወገን ሲለሰን 14 ሳንቲሜትር ገደማ ይበላል። ደግሞ የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው። ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል ላይ፣ ያልታሰበ ክብደት መጫን አልፈልግም። ስለዚህ የብረት ፍሬም አቁሞ በሁለቱም ወገን ቦርድ ማልበስ ይሻላል አልኩ። ጥያቄው ምን ይልበስ ነው።

ከመርካቶ ከየዓይነቱ ቁራጭ ለምኜ አመጣሁና ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨፍልቆ የሚሠራው ቺፑድ ውሃ እንደነካው ዳቦ አብጧል፤ ጫፉን በጣቴ ስጫነው ተፈረፈረ። ነጩ ጂፕሰም ወረቀቱ ተልጦ ውስጡ ሊጥ ሆኗል። ከስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቆ የሚሠራው ኮምፔንሳቶ ቅርጹን ይዟል፣ ግን ዳር ዳሩ ላይ ንብርብሮቹ መለያየት ጀምረዋል። አረንጓዴው ጂፕሰም ከነጩ በጣም ይሻላል፤ የተቆረጠው ጠርዙ ግን በጥፍር ይጫራል። የሲሚንቶ ቦርዱ ቀለሙ ጠቆረ እንጂ ያው እንደ ድንጋይ ነው። ፕላስቲኩ ፒቪሲ ምንም አልሆነም።

ሻጩ "እህቴ፣ አረንጓዴው ውሃ አይፈራም" ብሎኝ ነበር። ይሄ አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አረንጓዴው እርጥበት ይቋቋማል፣ ውሃ ግን ያስገባል። ሲሠራ ሰም ወይም ሲሊኮን ስለሚጨመርበት ውሃውን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፣ ልዩነቱ ይሄ ነው። ለእንፋሎት ጥሩ ነው። ውሃ በቀጥታ ለሚረጭበት ቦታ ብቻውን አይበቃም።

ፒቪሲ በባልዲው ፈተና አንደኛ ስለወጣ ልቤ ወደሱ ሄዶ ነበር። ርካሽ ነው፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ነገር ግን ምጣድ አጠገብ አይሆንም። ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ከተቃጠለ ደግሞ ጭሱ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ አለው። ልጆች ባሉበት ቤት፣ ያውም መስኮቷ ትንሽ በሆነች ክፍል፣ ይህን አላደርግም።

ጂፕሰም በእሳት በኩል የሚገርም ነው። ከማዕድኑ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ውሃ ነው። እሳት ሲያገኘው ያ ውሃ እንፋሎት እየሆነ ይወጣል፤ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ከጀርባው ያለው ነገር ቶሎ አይግልም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ገደሉ ላይ የምታዩት ነጣ ያለ ንብርብር አንዱ ይሄው ጂፕሰም ነው። ያንን መንገድ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፣ የቤቴን ግድግዳ እያየሁ እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም።

ሁሉንም ሳመዛዝን አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ለዚህ ግድግዳ አንድ ቦርድ መምረጥ አያስፈልግም። ሁለቱ ፊቶቹ የሚኖሩት ኑሮ የተለያየ ነው።

በምጣዱና በማሽኑ ወገን የሲሚንቶ ቦርድ ይገባል። እሱም ቢሆን አይበሰብስም እንጂ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የውሃ መከላከያ ይቀባል፣ ከዚያ ሴራሚክ እስከ 1.50 ሜትር ይለጠፍበታል። ከዚያ በላይ አረንጓዴው ጂፕሰም ይበቃል። የሲሚንቶ ቦርድ ሲቆረጥ የሚነሳው አቧራ ሳንባ ይጎዳልና ባለሙያው ማስክ እንዲያደርግ፣ የሚቆረጠውም ውጭ እንዲሆን ተነጋግረናል።

በጤፉ ወገን ተራው ነጭ ጂፕሰም ይሆናል። ግን መደርደሪያ በሚሰቀልበት ከፍታ ላይ ከጀርባው ባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ይገባል። ጂፕሰም ብቻውን የሽሮና የበርበሬ ጣሳ የተሞላ መደርደሪያ አይሸከምም። ብሎኑ ጂፕሰሙን አልፎ እንጨቱን ሲነክስ ያኔ ይታመናል። የፍሬሙ ቋሚዎችም በ60 ፈንታ በየ40 ሳንቲሜትሩ ይቆማሉ።

ከሁሉ በላይ የጨነቀኝ ግን የግድግዳው እግር ነው። ማሽኑ አንድ ቀን ቱቦው ይለቃል፤ በርሜሉም ይፈሳል። ቦርዱ ወለል ከነካ ውሃውን ከሥር ወደ ላይ ይስበዋል፣ ያበላሸው መሆኑ የሚታወቀው ቀለሙ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ከሥር አንድ ረድፍ ብሎኬት ይገነባና ይለሰናል፤ ፍሬሙ እሱ ላይ ይቆማል። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ። "በይ እንግዲህ፣ ትንሽም ብትሆን ብሎኬት ገብታለች" አለች።

መብራቱ ደግሞ ግድግዳው ሳይዘጋ ማለቅ አለበት። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ከማሽኑ ጋር አንድ መስመር ላይ አይውልም፤ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ይኑረው ብያለሁ። ሽቦዎቹ በየት እንዳለፉ ቦርዱ ከመልበሱ በፊት ፎቶ አነሳለሁ። በኋላ ብሎን የሚመታ ሰው በጭፍን እንዳይመታ።

ባለሙያው "ይሄ ሁሉ ለጓዳ?" አለኝ። አዎ፣ ለጓዳ። ሳሎኑን እንግዳ ያየዋል፣ የቤቱ ምግብ ያለው ግን እዚህ ነው።

እንፋሎቱ መውጫ ካጣ የትኛውም ቦርድ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከምጣዱ በላይ ሳቢ ማራገቢያ ይገጠማል፤ መስኮቷም እንደተከፈተች ትውላለች። በሩን ገና አልወሰንኩም። እንጨት ከሆነ የታችኛው ጠርዙ ውሃ ይጠጣል፤ ወደ አሉሚኒየም እያደላሁ ነው። ቅዳሜ ዋጋ ጠይቄ እመጣለሁ።