ግንድ ለመሰንጠቅ የሚሆን ቼይንሶ ስትገዙ

ዛፍ የሚጥል ቼይንሶ ሁሉ ጣውላ አያወጣም። ዛፍ ሲቆረጥ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ተጨንቆ ያርፋል። ግንድ ቁመቱን ሲሰነጠቅ ግን ነዳጁ እስከ ጥግ ተከፍቶ ለደቂቃዎች ያለ እረፍት ይጎትታል። ስለዚህ ከምንም በፊት ሲሲውን፣ ማለትም የሞተሩን የሲሊንደር ይዘት፣ እዩ።

ስፋቱ እስከ 35 ሴንቲ ለሆነ ግንድ፣ ካልቸኮላችሁ፣ 70 ሲሲ ይበቃል። ከ40 እስከ 65 ሴንቲ ለሚሆነው 90 ሲሲ አካባቢ ያስፈልጋል፤ የሽቲል ኤምኤስ 661 (91.1) ወይም የሁስክቫርና 395 (93.6) እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ለሚወፍር ያረጀ ባሕር ዛፍ ኤምኤስ 881 አለ፤ 121.6 ሲሲ ነው፣ የዚያኑ ያህልም ከባድ ነው። ከ60 ሲሲ በታች ያለው ማገዶ ይቁረጥበት።

የታወቀ ብራንድ አስመስሎ የተሠራ ቼይንሶ ከሆነ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋትና የፒስተኑን ምልልስ በሴንቲ ጠይቁና ስፋቱን በራሱ፣ ከዚያ በምልልሱ፣ ከዚያ በ0.785 አባዙት። የ661 ስሌት 5.6 × 5.6 × 3.7 × 0.785 ነው፤ 91 ይመጣል።

ደጋ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር ግድም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 91 ሲሲው የሚጎትተው እንደ 68 ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መግዛት ቅንጦት አይደለም። ካርቡሬተሩ ራሱን የማያስተካክል ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ኤች የተጻፈበትን ቪት በካቻቢቴ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማጥበቅ ያስተካክለዋል። ያው ማሽን ሳይነካ ጋምቤላ ከወረደ ግን ቤንዚን ያንሰዋል። ለፒስተኑ ዘይት የሚያደርስለት ያው ቤንዚን ስለሆነ ፒስተኑ ይደርቅና ከሲሊንደሩ ጋር ይነካከሳል። ልኩን በጆሮ ታውቁታላችሁ፦ ባዶውን ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በመጠኑ የሚንተባተብ፣ እንጨት ሲነክስ ድምፁ የሚጠራ መሆን አለበት። ባዶውን ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ አጥብቃችሁታል፤ መልሱት። ቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቀለው የሞተር ዘይት (ለሁለት ምት ሞተር የተሠራው) በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ነው።

አላስካ የሚባለው የመሰንጠቂያ ፍሬም ባሩን (ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት) በሁለቱም ጫፍ ስለሚይዝ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ይበላል። 60 ሴንቲ ለሚሰፋ ግንድ 75 ሴንቲ ባር ግዙ። ይበልጥ የረዘመ ይሻላል ብላችሁ ግን አትሂዱ፤ ፓምፑ ዘይት ጫፍ ድረስ ካላደረሰ ባሩ ይጨሳል፣ ከዚያ በሙቀት ሰማያዊ ይሆናል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ለሰንሰለት የሚጨምሩ አሉ፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይጨርሰዋል።

ሱቅ ላይ የሚሸጠው ሰንሰለት ጥርሱ በ30 ዲግሪ የተሞረደ፣ አግድም ለመቁረጥ የተሠራ ነው። ለስንጠቃ 10 ዲግሪ ይሁን። ለ3/8 ኢንች ሰንሰለት 5.2 ሚሊ ክብ ሞረድ ተጠቀሙ፣ ከጥርሱ ፊት ያለውን ጉብታ ከጥርሱ 0.65 ሚሊ ዝቅ አድርጉት። ሰጋቱራው ዱቄት ከሆነና ማሽኑን መግፋት ካስፈለጋችሁ ጥርሱ ደንዝዟል፤ ቆም ብላችሁ ሞርዱ። እያንዳንዱ ስንጥቅ 8 ሚሊ ግድም እንጨት ያባክናል። ሦስት ስንጥቅ አንድ ባለ 2.5 ሴንቲ ጣውላ በላ ማለት ነው፤ ብዙ ጣውላ ለሚያወጣ ሰው ይህ መንገድ አያዋጣም።

የመጀመሪያው ስንጥቅ ቀጥ የሚለው ግንዱ ላይ መሰላል ወይም ቀጥ ያለ ሞራሌ ከታሰረ ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ፊት ላይ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ይሰንጠቅ፤ ውስጡ ውጥረት ስላለው ስንጥቁ ባሩን ሊነክስ ይችላል፣ ሽብልቅ ከኋላ እያስገባችሁ ሂዱ። አንድ ወገን ብቻ አትላጩ፣ ግንዱን እያገላበጣችሁ ከሁለቱም ወገን ውሰዱ፤ አለዚያ የቀረው ይጎብጣል።

ስንጥቁ ሲያልቅ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን በዝግታ ይሥራ። በሙቀት የረገበውን ሰንሰለት አጥብቃችሁ ከሆነ ማሽኑን ከማስቀመጣችሁ በፊት አላሉት፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ባሩንና የሞተሩን ኩሽኔታ ይጎዳል።