ሐውልቱ የሌለበት አደባባይ

ቅዳሜ ከሰዓት። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደከበደው ነው፤ ዝናቡ ግን አልወረደም። እንዲህ ባለ ቀን እጅ ወደ ሥራ አይሄድም፣ ወደ አሮጌ ነገር ነው የሚሄደው። ወዳጄ መ. እንደ ልማዷ ሰላምታ እንኳ ሳትጽፍ አንድ ፎቶ ልካለች። ግርጌው ላይ «አራዳ፣ 1923» ይላል። ሰው የፈሰሰበት ገበያ፣ ከኋላ ጊዮርጊስ፣ ከፊት ጃንጥላ የያዘ ሰው። ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ የሉም።

ውብ ፎቶ ነው። ዐይኔ ግን ከቁጥሩ አልነቀል አለ። 1923 በማን አቆጣጠር?

የአዲስ አበባ አሮጌ ፎቶ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈበት ቁጥር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ያሳስታል። የባሰው ደግሞ ድርብ ቅነሳ ነው። አንዱ 1923 ዓ.ም.ን የፈረንጅ መስሎት ስምንት ቀንሶ 1915 ይላል፤ ቀጣዩ 1915ን አግኝቶ እንደገና ይቀንስና 1907 ያደርገዋል። ፎቶው ካለበት ሳይነሣ በ16 ዓመት አረጀ ማለት ነው። ስለዚህ የተገኘውን ቁጥር ከመለወጥ በፊት መጀመሪያ እንደተጻፈ መገልበጥ፣ የራስን ስሌት ከጎኑ ለይቶ ማስፈር ያስፈልጋል።

ግርጌው የሚለውን ትቶ ፎቶው ውስጥ ያለውን መጠየቅ ይሻላል። የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው ጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ቁጥሩ የኢትዮጵያ ከሆነ ፎቶው ከመስከረም 1 እስከዚያ ሰሞን ባሉት ጥቂት ሳምንታት ብቻ መነሣት ነበረበት፤ ያኔ ደግሞ መሠረቱ ወይም የግንባታው ዝግጅት መታየት አለበት። ቁጥሩ የፈረንጅ ከሆነ ግን 1915 ወይም 1916 ዓ.ም. ይሆናል፤ የሐውልቱ አለመኖር ከዚያ ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ሐውልቱ የለም ማለት ሁልጊዜ «ገና አልተሠራም» ማለት አይደለም። ጣልያን ሚያዝያ 1928 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ሐውልቱን አውርዶ ቀብሮታል፤ ተመልሶ የቆመው ከነጻነት በኋላ ነው። ስለዚህ ባዶ አደባባይ ሁለት ዘመን አለው። ሁለቱን የሚለየው ገበያው ነው። የከተማዋ ትልቁ ገበያ ድሮ እዚያው አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወረው ጣልያን ነው። ሐውልት የለም፣ ገበያው ግን ሞልቷል ከሆነ ፎቶው ከምረቃው በፊት መሆኑ ያመዝናል። ሐውልትም ገበያም ከሌለ የወረራው ዘመን ይጠረጠራል፤ ያኔ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በደንብ ማየት ነው፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ በእሳት ተጎድቷልና።

የፎቶ ዕድሜ የሚታወቀው እንዲህ በሁለት ግድግዳ መሃል ነው፤ አንዱ «ከዚህ በኋላ»፣ ሌላው «ከዚህ በፊት»። አዲስ አበባ ላይ ደግ ደጉ ግድግዳ አለ። ባቡሩ ከተማዋ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ ግን የተጠናቀቀው በ1922 ነው። ስለዚህ ሐዲድና ፉርጎ እየታየ ሕንፃው ካልታየ በመሃሉ ያሉት ዓመታት ናቸው። ከጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው፤ በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ በኋላ ተመልሷል። ይህንን ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ካለው ከሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው። የካልካው ከቴአትሩ ምርቃት ጋር የመጣ የ1948 ዓ.ም. ሥራ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት ከ20 ዓመት በላይ ያሳስታል። ባሕር ዛፍም ምስክር ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ስለገባ ራቁቱን የቆመ ጋራ የጥንት ምልክት ነው፤ ሆኖም ዛፉ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ቁመቱን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን መኪናውን ነው። እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና በግራ ነበር የሚነዳው፤ ወደ ቀኝ የዞረው ያኔ ነው። የቆመ መኪና አይቆጠርም፣ ባለቤቱ እንዳሻው ያቆማልና። ቢያንስ ሁለት መኪኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ የሚታዩበት ፎቶ ሲገኝ ግን ግድግዳው ወፍራም ነው።

ወፍራም የሚሆነው ፎቶው ካልተገለበጠ ነው። የድሮው ኔጋቲቭ መስታወት ነበር፤ አንዱ ገጹ ምስሉን የሚይዝ መድኃኒት የተቀባ ደብዛዛ፣ ሌላው ባዶና የሚያብረቀርቅ። ሲታተም መድኃኒት የተቀባው ገጽ ከወረቀቱ ጋር መገናኘት አለበት። ያታሚው እጅ ተሳስቶ ባዶውን ገጽ ወደ ወረቀቱ ካዞረ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ በቀኝ የሚነዳውም በግራ የሚነዳ ይመስላል። ምስሉም በመስታወቱ ውፍረት ልክ ከወረቀቱ ስለሚርቅ ትንሽ ይፈዛል። ዛሬም ፊልም ወይም መስታወት ስካነር ላይ በተሳሳተ ጎኑ ሲተኛ መገልበጡ አይቀርም። ጊዮርጊስ ደግሞ ስምንት ማዕዘን ስለሆነ ቢገለበጥም አያስታውቅም፤ ብዙ የተገለበጠ ፎቶ ሳይነቃበት ያለፈው በዚህ ይመስለኛል። ማረጋገጫው የሱቅ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ ቢደበዝዝም ተገልብጦ ከሆነ ያስታውቃል። ጽሕፈት ከሌለ የወንዶች ኮት ይታይ፤ ቁልፉ የሚሰፋው በለባሹ ቀኝ በኩል ነው።

ይህ ከተጣራ በኋላ ጥላ ይነበባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ታደላለች፤ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን ነው። የሕንፃው አቅጣጫ ከታወቀና ጥላው አጭር ከሆነ ወራቱ ይጠብባሉ። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሚበዛባቸው ወደ ደቡብ የወደቀ ጥርት ያለ የቀትር ጥላ ሲታይ ሚያዝያንና ግንቦትን ነው አስቀድሞ መጠርጠር።

ይህ ሁሉ ግን ዋናው ፎቶ እጅ ላይ ሲኖር ነው የሚያምረው። በስልክ የሚዞረው ምስል ጀርባ የለውም። ወረቀቱ ቢገኝ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ማየት ነው፤ ነጠብጣብ ከታየ ከመጽሐፍ ወይም ከታተመ ካርድ የተወሰደ እንጂ ከኔጋቲቭ የወጣ አይደለም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ጥቁሩ ክፍል በጠርዙ በኩል ሰማያዊ ብርማ ነጸብራቅ ከሰጠ በውስጡ ያለው ብር በዕድሜ ወደ ላይ ወጥቷል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ተጠርጎ መጥፋት የለበትም። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ከተገኘ ዕድል ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ሙያው ወደ ልጆቻቸው ወደ ሃይጋዝና ቶርኮም ስለተላለፈ ማኅተሙ የማን እንደሆነ መለየት ዘመኑን ያጠብባል። ፖስት ካርድ ከሆነ የፖስታ ቤቱ ማኅተም የሚነግረን «ከዚህ በፊት ተነሥቷል» የሚለውን ብቻ ነው፤ አንድ ምስል ለብዙ ዓመት እየታተመ ይሸጥ ነበርና።

ስካን ሲደረግ 9 በ12 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በኢንች 600 ነጥብ ይበቃዋል፤ ከዚያ ላነሰ 1200። ምስሉን ሳይጎዳ በሚያስቀምጠው በቲፍ (TIFF) ፋይል ማስቀመጥ፣ ጀርባውንም ማንሳት፣ ጠርዙን ቆርጦ አለመጣል። ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አይላቀቅ፤ ምስሉ ከመስታወቱ ጋር ይቀራል። እዚያው እንዳለ ከነመስታወቱ ይነሣ።

በ2016 የፒያሳ ብዙ ክፍል ሲፈርስ የዶሮ ማነቂያ ሰፈርም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የቆመ ቤት ለአሮጌ ፎቶ መለኪያ ነበር፤ ጥጉ ላይ ቆሞ የመስኮቱን ቁጥር፣ የበረንዳውን ብረት፣ የመንገዱን ቁልቁለት ማመሳከር ይቻል ነበር። አሁን ፎቶን ከፎቶ ጋር ብቻ ነው የምናመሳክረው። ስለዚህ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ነገር ከድሮው ይልቅ ይከብዳል።

አጻጻፉ ራሱ ቀላል ነው፤ ለስላሳ እርሳስ፣ ከምስሉ ውጭ ባለው ጠርዝ፣ ሳይጫኑ። ብዕር ወደ ፊት ሊዘልቅ ይችላል፣ የሚለጠፍ ወረቀትም ሙጫው ያበላሻል። የሚከብደው ምን እንደሚጻፍ ነው። «ከ1909 በኋላ፣ ከ1923 በፊት ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ቢጻፍ ቀጣዩ ገልባጭ አንዱን ቁጥር ብቻ ነው የሚወስደው። «ሳይሆን አይቀርም» በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ይወድቃል፣ «በፊት» በሁለተኛው፤ ከዚያ ግምቴ ማስረጃ ሆኖ ይዞራል። ባዶ ቢተው ደግሞ ያ ማንም የማያውቀው ሰው የጻፈው ቁጥር ብቻውን ይነግሣል። የትኛው ይሻላል? መ. የፎቶው ዋና ቅጂ ማን ቤት እንዳለ ታውቂያለሽ መሰለኝ። እርሳስ ይዤ ልምጣ ወይስ ይቅር?