ሁለቱ የትብብር ጥሪዎች፦ ከአንድ ያልተቋጨ መዝገብ የተማርኩት

በምርመራ ክፍል ውስጥ ከሕዝብ የሚመጣ ጥቆማ ተቀባይ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከያዝኳቸው መዝገቦች ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ የአንድ ወጣት የሞት መዝገብ ነው። ወጣቱ ከሌሊት ተረኛ ሥራው ወጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ መኪና ገጨው፤ አሽከርካሪውም ሳይቆም አመለጠ። በስፍራው የተገኘው የተሰበረ የፊት መብራት ስብርባሪ፣ ከሟቹ ልብስ ላይ የተነሣ የቀለም ቅንጣትና ከሩቅ ያየ አንድ የዓይን እማኝ ብቻ ነበር። መዝገቡ እኔ እጅ ሲገባ 14 ወራት አልፎት ነበር። የሟቹ እናት ግን በየወሩ መጀመሪያ ጣቢያው ድረስ እየመጡ፣ ከቢሮዬ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ «ዛሬስ አዲስ ነገር አለ ልጄ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ለእኚህ እናት «ገና ነው» ብዬ የመለስኩባቸውን ቀናት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ድረስ ልቤ ይከብደኛል።

ያወጣሁት የመጀመሪያው የትብብር ጥሪ ከሌሎች ማስታወቂያዎች የተቀዳ ነበር፦ «ስለ አደጋው መረጃ ያለው ማንኛውም ሰው ለፖሊስ በመጠቆም እንዲተባበር እንጠይቃለን።» በሦስት ሳምንት ውስጥ 40 ያህል ሰዎች ደወሉ። አብዛኞቹ የሰሙትን ወሬ መልሰው ነገሩኝ፤ ጥቂቶቹ የተጣሉትን ሰው ስም ሰጡኝ፤ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ምርመራው የት እንደደረሰ ለማወቅ የፈለጉ ነበሩ። ሁሉንም አንድ በአንድ አጣራሁ፤ አንዱም የትም አላደረሰኝም። ጥፋቱ የደዋዮቹ ሳይሆን የጥያቄዬ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ማንም ሰው ራሱን «መረጃ ያለው» አድርጎ አይቆጥርም። ሰው የሚያውቀው ጎረቤቱ በየቀኑ ይነዳው የነበረውን መኪና በድንገት መንዳት እንደተወ ነው፤ ይህ ደግሞ በእሱ ዓይን መረጃ ሳይሆን የጎረቤት ጉዳይ ነው።

በዚህ ላይ ሳሰላስል በተደጋጋሚ ወደ አእምሮዬ የመጣው የቴድ ካዚንስኪ ጉዳይ ነበር። ይህ ሰው በአሜሪካ ለ17 ዓመታት ያህል ቦምብ በፖስታ እየላከ ሳይያዝ ቆይቶ፣ የጻፈው ረጅም ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 በጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ በሚያዝያ 1996 ተያዘ። አስቀድማ የጠረጠረችው የወንድሙ ሚስት ነበረች፤ ወንድሙም ጽሑፉን ሲያነብ የአነጋገር ዘይቤውን ለየ። ሕዝቡ የተጠየቀው «ቦምብ የሚሠራ ሰው ታውቃላችሁ?» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ማንም አይመልስም ነበር፤ የቀረበለት ግን የሚያውቀው ሰው ሊለየው የሚችል ነገር ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጥሪ ስጽፍ ስለ አደጋው መጠየቄን ትቼ በአደጋው ማግስት ስለሚታየው ለውጥ ጠየቅሁ። የተገኘውን የመብራት ስብርባሪ ፎቶግራፍ ከሙሉው መብራት ሥዕል ጋር አደረግሁበት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዕለቱ ምን እንደነበር ጻፍኩ፤ ከዚያም «በዚያ ሳምንት የፊት መብራቱን ወይም ኮፈኑን ያስጠገነ፣ መኪናውን ሸራ አልብሶ ያቆመ፣ የዘወትር መንገዱን በድንገት የለወጠ ሰው ታውቃላችሁን?» ብዬ ጠየቅሁ። በመጨረሻም በጊዜው ለመናገር ያልቻለ ሰው ዛሬ ሊናገር እንደሚችል፣ ለምን ዘገየህ ተብሎም እንደማይጠየቅ ገለጽኩ። ይህን የጨመርኩት ጊዜ በመዝገብ ላይ የሚሠራውን ሥራ ስላሰብኩ ነው። ጊዜ አሻራን ያጠፋል፣ የሰውንም ትዝታ ያደበዝዛል፤ ነገር ግን ወዳጅነት ይላላል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ይፈራ የነበረው ሰው ከሠፈር ይለቃል፤ ያኔ ዝም ያለው አፉን ሊከፍት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ሆን ብዬ ከጥሪው አስቀረሁ። የቀለሙ ቅንጣት ሲመረመር ከላዩ ግራጫ፣ ከሥሩ ቀይ ሆኖ ተገኝቶ ነበር፤ መኪናው በሌላ ቀለም የተቀባ ነበር ማለት ነው። ይህን ከእኔና ከአለቃዬ በቀር የሚያውቅ እንዳይኖር አደረግን። እውነተኛውን ጥቆማ ከሐሰተኛው የሚለየው እንዲህ ያለው የተደበቀ ዝርዝር ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክሸር ሴቶችን በተከታታይ ይገድል የነበረውን ሰው ያሳድዱ የነበሩ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 ገዳዩ ነኝ ባይ የላካቸውን ደብዳቤዎችና የድምፅ ካሴት አመኑ፤ ጸሐፊው የጠቀሰው ገዳዩ ብቻ የሚያውቀው የመሰላቸው ዝርዝር ግን ቀደም ሲል በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። ትክክለኛው ገዳይ ፒተር ሰትክሊፍ በ1981 እስኪያዝ ድረስ፣ ካሴቱ ከደረሰ በኋላ ሦስት ሴቶች ተገድለዋል። አንድን ዝርዝር ምሥጢር ነው ብሎ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ አለመውጣቱንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥሪ ከወጣ በአምስተኛው ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ስሜን ትጽፋለህ?» አሉኝ።

«ካልፈቀዱ አልጽፍም፣ እናቴ። ቁጥር ብቻ እሰጥዎታለሁ፤ ሁለተኛ ሲደውሉ ቁጥሩን ይነግሩኛል።»

«እኔ እኮ ሰውየው ገደለ አላልኩም። መኪናው ሸራ ከለበሰ ዓመት አለፈው ነው የምለው። ዱሮ በየማለዳው ሞተሩ ነበር የሚቀሰቅሰኝ፤ አሁን ግን በእግሩ ነው የሚወጣው።»

ይህ ስምን በቁጥር የመተካት አሠራር ለዓመታት የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ ግሬግ ማክአሊስ የተባለ መርማሪ ባልተፈታ የግድያ መዝገብ ላይ ሕዝቡን ሲጠይቅ፣ ሰውን ከመናገር የሚያግደው ፍርሃትና ግድየለሽነት መሆኑን ተረድቶ ለመጀመሪያው ስም አለመጠየቅን፣ ለሁለተኛው ደግሞ የገንዘብ ሽልማትን አዘጋጀ። ክራይም ስቶፐርስ የሚባለው አሠራር የተወለደው ከዚያ ነው። እኔ ሽልማት የምሰጠው አልነበረኝም፤ ስለዚህ ልፈጽመው የማልችለውን ቃል ላለመግባት ተጠነቀቅሁ። ስማቸውን እንደማልጽፍ ነገርኳቸው፤ ለዘለዓለም ማንም አያውቅም ግን አላልኩም። ስም የሌለው ጥቆማ የምርመራ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለምና፣ ጉዳዩን በሌላ ማስረጃ ማቆም የእኔ ሥራ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

ከእሳቸው ጋር ስነጋገር በጥያቄዬ ውስጥ መልስ እንዳላስገባ እያንዳንዱን ቃል መዝኜ ነበር የተናገርኩት፤ ምክንያቱም በዚሁ መዝገብ ከባድ ስሕተት ሠርቼ ነበር። የዓይን እማኙን እንደገና ቃሉን ስቀበል፣ «ከአሽከርካሪው ጎን የተቀመጠው ሰውስ ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። እማኙ አስቀድሞ በሰጠው ቃል ከጎን ሰው ነበረ አላለም። በሳምንቱ ስንገናኝ ግን ስለዚያ ሰው ባርኔጣ ሳይቀር ነገረኝ፤ እኛም አንድ ወር ሙሉ ያልነበረ ሰው ፈለግን። እማኙ አልዋሸም፤ በትዝታው ውስጥ ሰውየውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት አንድ ዓይነት የመኪና ግጭት ፊልም ያሳዩአቸውን ሰዎች ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ቀደም ሲል «ተጋጩ» በሚል ለዘብ ያለ ቃል ከተጠየቁት 50 ሰዎች 7ቱ፣ «ተላተሙ» በሚል ጠንካራ ቃል ከተጠየቁት 50 ሰዎች ደግሞ 16ቱ አይተናል አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ይህን ጥናት ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ያ ወር ባልባከነ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ «ያዩትን ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ» የሚል ነው፤ ከዚያም ዝም እላለሁ።

ስለ ሁለተኛው ጥሪ የሚያሳዝነኝም ነገር አለ። የመብራቱ ፎቶግራፍ በወጣ ማግስት በነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ሰው የጎረቤቱን መኪና ከነሠሌዳው አንሥቶ «ይኸው ተገኘ» ብሎ ለጠፈ። ባለ መኪናው አደጋው በደረሰበት ሌሊት ሥራ ላይ እንደነበር በሰነድ አረጋገጥን፤ እስከዚያው ግን መስኮቱ በድንጋይ ተሰብሮ፣ ልጆቹ ከቤት መውጣት ፈርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቦስተኑ የማራቶን ፍንዳታ በኋላም በኢንተርኔት ላይ በስሕተት ተጠርጣሪ የተባለ ተማሪ ነበር፤ ቤተሰቡ ጠፍቶባቸው ሲፈልጉት የነበረው ይህ ልጅ ኋላ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ጀምሮ በማወጣው ጥሪ ሁሉ ላይ «ያወቁትን ለመርማሪው ብቻ ይንገሩ፤ ስምም ሆነ ፎቶግራፍ አይለጥፉ» የሚለውን ከስልክ ቁጥሩ በላይ አስቀምጣለሁ።

ሸራ የለበሰውን መኪና በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስንመረምር አንደኛው የፊት መብራት አዲስ ነበር፤ ኮፈኑም ላይ ግራጫው በተላጠበት ሥር ቀዩ ታየ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አስተላለፍን። በአካባቢው የነበሩት የደህንነት ካሜራዎች ሊረዱን አልቻሉም፤ በአሮጌው ቅጂ ላይ አዲስ እየቀዱ ስለሚሄዱ የዚያ ሌሊት ምስል ከጠፋ ቆይቶ ነበር። አሁን ወንጀል በተፈጸመ በመጀመሪያው ቀን ከበር ወደ በር እየሄድን የካሜራ ቅጂ እንዲቀመጥልን እንጠይቃለን፤ የካሜራውንም ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት ጋር አመሳክረን ልዩነቱን በጽሑፍ እንይዛለን።

ለእናትየው ዜናውን ለመንገር በወሩ መጀመሪያ እስኪመጡ አልጠበቅሁም፤ ቤታቸው ሄድኩ። ለብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ማን ነው የተናገረው?» ብለው ጠየቁኝ። መናገር እንደማልችል ስነግራቸው፣ «እንግዲያው እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ» አሉ።

መልእክቱን ላደርስ የቻልኩት ደዋይዋ ራሳቸው በድጋሚ ሲደውሉ ነበር። ቁጥራቸውን ነገሩኝ፤ እኔም ጥቆማቸው ለውጤት መብቃቱንና የእናትየውን ምስጋና ነገርኳቸው። ትንሽ ቆይተው፣ «እንግዲህ ከሰማኸኝ ሌላም አለኝ» አሉ። «ልጁ የወደቀበት መታጠፊያ ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በርቶ አያውቅም።» ማስታወሻዬን አውጥቼ የምሰሶው ቁጥር ይታያቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በመስኮት ሆነው አነበቡልኝ።