ጠመኔ ያልቃል፤ መጽሐፍስ?

ማስተማር የጀመርኩባት ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሁልጊዜ የሚቆለፍ የእንጨት ቁም ሣጥን ነበር። በውስጡ በርዳታ የመጡ የልጆች መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ ከመጡበት ካርቶን እንኳ አልወጡም። ቁልፉን የሚይዙት ንብረቱን ፈርመው የተረከቡት አንጋፋ ባልደረባችን ነበሩ። በዚያን ጊዜ በእሳቸው እበሳጭ ነበር፤ ምክንያታቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። መጻሕፍቱ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ሆነው በቋሚ ንብረትነት ስለተመዘገቡ፣ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ተጠያቂው እሳቸው፣ የሚቆረጠውም ከእሳቸው ደመወዝ ነበር። እንዲህ ባለ አሠራር መጽሐፍን ከልጅ እጅ ማራቅ ክፋት ሳይሆን ጥንቃቄ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትን አጥብቄ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችን የዚህ ሥራ ስም ሲነሣ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይታወሳሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትን ፈልገው ማጣታቸው እረፍት ነሥቷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በቀጣዩ ዓመትም በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በ2005 ደግሞ ድርጅታቸው በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ጭኖ ወደ ልጆቹ መሄድ ጀመረ። ጎረቤታችን ኬንያም ከዚያ ቀደም ብላ፣ በ1996፣ ከጋሪሳ ተነሥተው ወደ አርብቶ አደሩ መንደሮች የሚሄዱ መጽሐፍ የጫኑ ግመሎችን አሰማርታ ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ታሪክ የሚያደንቀው አህያዋን ነው። እኔ ግን ይበልጥ የማስተውለው ከጋሪው ጋር የሚመጣውን ሰው ነው። መጽሐፉና ኃላፊው አብረው ስለሚመጡ የትምህርት ቤቱ መምህር የሚፈርምበት፣ ስለዚህም የሚፈራው ነገር የለም። ባለሙያው ቆጥሮ ያወጣል፣ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ ቆጥሮ ይመልሳል፤ የተቀደደውን ወስዶ ይጠግናል። አንድ መቶ መጻሕፍት በአንድ ትምህርት ቤት ቢቀመጡ በሁለተኛው ዓመት የማያውቋቸው ልጆች አይኖሩም፤ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶችን በሚያስተባብር በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ባሉ አምስት ትምህርት ቤቶች መካከል እየተፈራረቁ ቢዞሩ ግን በሄዱበት ሁሉ እንደ አዲስ ይጠበቃሉ።

የቋንቋው ጉዳይ ግን በጋሪ ብቻ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ በሲዳሙ አፎ፣ ማለትም በሲዳማ ቋንቋ፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 69 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። እንዲህ ላሉ ልጆች ከባሕር ማዶ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሥዕሉ በቀር ብዙም አይናገርም። ስለዚህ መጻሕፍት የሚለግሱ ወገኖቻችንን፣ በተለይ በውጭ የሚኖሩትን፣ አደራ የምላቸው ነገር አለ፤ ለኮንቴይነር ማጓጓዣ የሚከፍሉትን ገንዘብ እዚሁ በልጆቹ ቋንቋ ለማሳተም ቢያውሉት እጅግ ይጠቅማል።

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ያለኝ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ነው። ጠመኔ አላቂ ዕቃ ሆኖ ይመዘገባል፤ ሲያልቅም ማንም መምህር አይከሰስበትም፣ ምክንያቱም ያለቀው ተጽፎበት ነው። በሃምሳ ልጆች እጅ አልፎ ጥራዙ የላላ የተረት መጽሐፍም ያለቀው ተነብቦ ነውና በዚያው ዓምድ ይመዝገብልን። ያን ጊዜ ጋሪው በማይደርስባቸው ሳምንታት፣ ክረምቱ መንገዱን በሚዘጋባቸው ወራትም ጭምር፣ መምህራኑ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ያለ ስጋት ለክፍል አለቃው ሊሰጡት ይችላሉ።