ሳሙናውን ማን በላው?

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሆቴል ስቶር እሠራ ነበር። ሥራዬ መቁጠር ነው። የገባውን መቁጠር፣ የወጣውን መቁጠር፣ የጎደለ ሲኖር ደግሞ ሰው መጠርጠር። ሦስተኛውን ማንም አላዘዘኝም፤ ግን ስቶር ውስጥ የቆየ ሰው ያውቀዋል።

ሆቴሉ የቧንቧ ውሃ በየሳምንቱ ሲጠፋበት ተማርሮ የራሱን ጉድጓድ አስቆፈረ። ግቢ ውስጥ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተሰቀለ። "አልሐምዱሊላህ፣ ከጀሪካን ተገላገልን" አልን። ብዙም ሳይቆይ የሳሙናው ቢን ካርድ፣ ገቢና ወጪው የሚመዘገብበት ካርድ፣ መሮጥ ጀመረ። በፊት አንድ ካርቶን የሚበቃው የልብስ ሳሙና አሁን ሁለት ካርቶን አልበቃ አለ። የአልጋው ቁጥር ያው፣ አንሶላው ያው።

ልብስ የሚያጥቡልንን ሴት ሁላችንም እቴቴ ነበር የምንላቸው። ጠየቅኋቸው።

"አረፋ አይወጣውም ልጄ። ብፈትገው ብፈትገው እንደ አይብ እየተቆራረጠ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አንሶላውም ሲደርቅ እንደ ቁርበት ይገተራል" አሉኝ።

ሳሙናው ያው ሳሙና ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ የገዛሁት። ሰበብ መሰለኝ። ካርዱ ላይ፣ "ምርመራ" በሚለው ዓምድ፣ ከስማቸው ትይዩ "ይጣራ" ብዬ ጻፍኩ። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ባለበት "ከእንግዲህ በቁጥር ነው የሚወጣልዎት" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አልመለሱም።

ሐምሌና ነሐሴ የሳሙናው ወጪ ወረደ። እንዴት እንደኮራሁ! ለሥራ አስኪያጁ ካርዱን ይዤ ሄጄ አሳየሁት። "አየህ? ሰው ሲያውቁበት ይታረማል" አልኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

በዚያው ዓመት ግን ሌሎች ሌቦችም ነበሩን። ወጥ ቤቷ ክኩ አልበስል እያላት እህል ነጋዴውን "የከረመ ነው የሸጠልን" ብላ ትራገማለች። እንግዶች ሻዩ ላይ ስስ ሽፋን እየተንሳፈፈ "ብርጭቆ አታጥቡም እንዴ?" እያሉ አስተናጋጆቹን ይቆጣሉ። የቦይለር ኤለመንት ደግሞ በላይ በላይ ይቃጠላል፤ በጥቅምት አራተኛው ሲሄድብኝ ዕቃ ሻጩ ዘንድ ሄጄ "ፎርጂድ ነው የምትሸጥልን" ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት። በዚያ ሳምንት ሳሙናውም እንደገና አሻቅቦ ነበርና ንዴቱ የተጠራቀመ ነው።

ሰውየው መልሶ አልጮኸም። "አብሽር፣ ባለሙያ ልኬ ላስከፍተው" አለኝ።

የላከው ሰው ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ሲጠብቅ የኖረ ነው። ክዳኑን ሲፈታው ነጭ ቅርፊት እንደ እንቁላል ልጣጭ እየተንኮሻኮሸ ወረደ፤ ባልዲ ሞላ። ኤለመንቱ በኖራ የተለሰነ ይመስላል። "ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ አልቻለም፣ ራሱን አቃጠለ" አለ። "ውሃችሁ ጠንካራ ነው። ከየት ነው የምትስቡት?"

ተከራከርኩት። ኖራ ድንጋይ የመቀሌ እንጂ የኛ አገር አይደለም፤ መሰቦ ሲሚንቶ እዚያ የተተከለው በከንቱ ነው እንዴ? እዚህ ዙሪያችን ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። "ጥቁሩም ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም አለ" አለኝ። "ውሃ መሬት ውስጥ ሲቆይ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ስታሞቀው ደግሞ ካልሲየሙ ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል።"

ከመሳሪያ ሳጥኑ የመኪና ባትሪ ላይ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ አወጣ። ሁለት ሃይላንድ ላስቲክ አስመጣና በአንዱ የባትሪውን ውሃ፣ በሌላው የኛን ቀዳ። ከእቴቴ ሳሙና እኩል እኩል ፈቅፍቆ ጨመረና ናጣቸው። የባትሪው ውሃ አረፋው እስከ አንገቱ ደረሰ። የኛ ግን አረፋ የለው፣ ምን የለው፤ ደፈረሰና ነጭ ፍርፋሪ ያዘ። እንደ አይብ።

"ሳሙናው መጀመሪያ ካልሲየሙን ነው የሚያጥበው፤ ልብሱ ተራው እስኪደርስ ታልቃለች" አለ። "የዝናብ ውሃ ቢሆን እንደዚህኛው ያረፋ ነበር።"

ዝናብ ሲል ሐምሌ ትዝ አለኝ። ወደ ጓሮ ሄድኩ። ከአሸንዳው ሥር ሁለት በርሜል ቆሟል። ክረምቱን ሙሉ እቴቴ ያጠቡት በጣሪያ ውሃ ነው። ማንም አልነገራቸው፤ እጃቸው ነገራቸው። እኔ ታረሙ ያልኳቸው ሴትዮ ዝናብ ነበር የጠበቁት።

ያን ማታ ልማድ ሆኖብኝ ሒሳብ ሠራሁ። በሊትር ውሃ ውስጥ የሟሟው ድንጋይ ከ180 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ "በጣም ጠንካራ" ይባላል ብሎኝ ነበር ባለሙያው። የኛን በ180 ብቻ ብይዘው እንኳ አንድ ሮቶ ሙሉ ውሃ 900 ግራም ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል። ኪሎ ሊሞላ ምን ቀረው? ያለ ሞዴል 19፣ ያለ ዕቃ ገቢ ደረሰኝ!

መፍትሔው ብዙ ወሬ የለውም። ውሃውን የሚያለዝብ፣ በጨው የሚሠራ ማጣሪያ አለ፤ ባለቤቱ ዋጋውን ሰምቶ ዝም አለ። ስለዚህ ቦይለሮቹን ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ አደረግናቸው፤ ውሃው በጋለ ቁጥር ቅርፊቱ ይበረታል። የቧንቧው ውሃ ሲመጣ ቅድሚያ ለአጠባና ለክክ ሆነ። ማንቆርቆሪያው በአቼቶ ይጸዳል፤ ሲፈላበት እየተንተከተከ ይለቃል። ለጤናስ ካላችሁ፣ ለመጠጥ የዓለም ጤና ድርጅትም በጥንካሬው የተነሳ ገደብ አላወጣበትም።

ዕቃ ሻጩን ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነበር፤ ቡና ጋበዝኩት፣ ሳቀብኝ። እቴቴ ዘንድ ለመሄድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንሶላ እያሰጡ ነበር። ጨርሼ እስክናገር ጠበቁኝ።

"ጽፈሃል አሉ። እስቲ አምጣት።"

ካርዱን አመጣሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ጣቴን ቃሉ ላይ አስቀመጥኩላቸው።

"አጥፋት።"

ስቶር ላይ መፋቅ ክልክል ነው። በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመርኩበትና ጎኑ ላይ ፈረምኩ። ካርዱን ተቀብለው ፀሐይ ላይ ይዘው አዩት።

"አሁንም ይታያል" አሉ፤ መለሱልኝና ወደ አንሶላቸው ዞሩ።